አስቀድሞ ተወስኗል ወይስ ምርጫው የእኛ ነው? ሳይቀያየሙ ለመከራከር

ጎጃም ውስጥ በሃይማኖት መከራከር ነውር ሆኖ አያውቅም። ዋሸራም፣ ጎንጅም፣ ዲማም ስማቸው የወጣው በትምህርት ነው፤ ትምህርቱ ደግሞ ጠያቂና ተሟጋች ከሌለበት አይደምቅም። ስለዚህ "አትከራከሩ፣ ዝም ብላችሁ ተዋደዱ" የሚል ምክር ይዤ አልመጣሁም። እንዲህ ያለው ምክር እኛ ጋ አይሠራም። ቢበዛ ከአቦል እስከ ቶና ነው የሚቆየው።

ሰሞኑን የሚያቀያይመን ጥያቄ ይኼ ነው፦ እግዚአብሔር የሚድነውን ሰው ዓለም ሳይፈጠር መርጦ ጨርሷል ወይስ ሰው በነጻ ፈቃዱ እሺ ወይም እምቢ ይላል? ደብረ ማርቆስ ካፌ ውስጥ አንዱ ተማሪ "እኔ ሪፎርምድ ነኝ" (የፕሮቴስታንቱን መምህር የካልቪንን ትምህርት የምከተል፣ ምርጫው አስቀድሞ አልቋል የምል ማለቱ ነው) ሲል ሌላው ስልኩን አውጥቶ ከቴሌግራም ጥቅስ ይደረድርበታል። እቤት ስትገቡም ያው ነው። እናት ኦርቶዶክስ ናት፣ ልጇ ሙሉ ወንጌል ይሄዳል፣ የወንድሟ ልጅ ደግሞ ከዩቲዩብ የካልቪንን ትምህርት ለምዶ መጥቷል። ሦስቱም ለፋሲካ አንድ ገበታ ይቀርባሉ። የምጽፈው ለእነሱ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ከአርባ ቀን ዕድል ለዩት

ከክርክሩ ግማሹ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። እኛ አገር ነገር ሲበላሽ "ያርባ ቀን ዕድሌ ነው" ይባላል። ሰው ሲሞት "ቀኑ ደርሶ ነው" ይባላል። ይኼ ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የወጣ ትምህርት አይደለም፤ ከእናት ከአባታችን የሰማነው የኑሮ አነጋገር ነው። እና ልጁ መጥቶ "መዳን አስቀድሞ የተወሰነ ነው" ሲላት እናት የምትሰማው ያርባ ቀን ዕድልን ነው። "እንግዲያ ጾሜም ጸሎቴም ከንቱ ነው ልትለኝ ነው?" ትላለች። ልጁ ግን እንደዚያ አላለም። ሪፎርምድ የሚባሉት እግዚአብሔር መጨረሻውን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ወስኗል ይላሉ፤ ጸሎቱ፣ ስብከቱ፣ ንስሓው ሁሉ በውሳኔው ውስጥ አለ። ዕድል ማንንም አይወድም፤ እነሱ የሚናገሩት ግን ስለሚወድ አባት ነው።

ስሕተቱ በዚያኛው በኩልም አለ። ልጁ እናቱ "እግዜር ያለው ይሆናል" ስትል ሰምቶ "ይኸው አንቺም እንደኔ ታምኛለሽ" ይላታል። እሷም እንደዚያ አላለችም። በእግዚአብሔር መታመኗን ነው የተናገረችው።

ስለዚህ አንድ ሰው "ተወስኗል" ባለ ቁጥር ከመቆጣታችሁ በፊት ይህቺን ጠይቁ፦ "ምኑ ነው የተወሰነው? የማገባት ሴት? የምሞትበት ቀን? ወይስ የነፍሴ መዳን?" ሦስቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ስለ መጀመሪያው የሚያወራና ስለ መጨረሻው የሚያወራ ሰው እስከ ማታ ቢጯጯሁ አይገናኙም። ይህቺን ጥያቄ ጠይቆ ክርክሩ እዚያው ሲበርድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚያወራው ስለ ጋብቻው ወይም ስለ ሥራው ነው።

የሌላውን ሐሳብ ባለቤቱ "አዎ፣ እንደሱ ነው" እስኪል ድረስ ተናገሩት

ይኼኛው ከባድ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ትንሽም ማንበብ ይጠይቃል። ደንቡ ግን ቀላል ነው፦ የእሱን አቋም በእሱ ፊት ተናግራችሁ እሱ ራሱ "አዎ" ሳይል መልስ መስጠት የለም። የቅኔ ቤት ልጅ ይህን ያውቀዋል። የጓደኛውን ቅኔ በትክክል ሳይሰማና ሳይፈታ "ተበላሽቷል" ቢል የኔታ ዝም አይሉትም።

እዚህ አካባቢ በየጊዜው የሚሰሙ ሦስት ክሶች አሉ። ሦስቱም ልክ አይደሉም።

አንደኛው "ካልቪኒስቶች ሰው ሮቦት ነው፣ ሕፃን ልጅም ገሃነም ይገባል ይላሉ" የሚለው ነው። የእነሱ ትልቁ የትምህርት ውሳኔ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1618 እና 1619 ኔዘርላንድስ ውስጥ በዶርት ከተማ በተደረገው ሲኖዶስ ነው። እዚያው ላይ ጸጋ ሰውን እንደ ግንድና እንደ ጉቶ አድርጎ አይነዳም፣ ፈቃዱንም አያጠፋበትም፣ ይልቁንም ያድነዋል የሚል አለበት። እግዚአብሔርን የሚፈሩ ወላጆች በሕፃንነታቸው የሞቱባቸውን ልጆች መመረጥና መዳን ሊጠራጠሩ አይገባም የሚልም አለበት። በሲኖዶሱ ላትስማሙ ትችላላችሁ፤ እኔም ሁሉም ነገሩ አይዋጥልኝም። ያላለውን ግን አታስብሉት።

ሁለተኛው "ነጻ ፈቃድ የሚሉት ሰው ራሱን ያድናል ማለታቸው ነው" የሚለው ነው። ይኼን የሚለው ደግሞ በአብዛኛው አዲስ ሪፎርምድ የሆነ ወጣት ነው፤ አዲስ ስለሆነም ድምፁ ከፍ ይላል። የነጻ ፈቃድ ወገን መምህር የሚባለው የኔዘርላንድሱ ያዕቆብ አርሚንዮስ እ.ኤ.አ. በ1609 ከሞተ በኋላ ተከታዮቹ በ1610 አምስት አንቀጽ ጽፈው አቀረቡ። ሦስተኛው አንቀጽ ሰው በራሱ ነጻ ፈቃድ ኃይል የሚያድን እምነት ሊኖረው እንደማይችልና በመንፈስ ቅዱስ ዳግመኛ መወለድ እንደሚያስፈልገው ይናገራል። አራተኛው ያለ ጸጋ በጎ ማሰብ እንኳ አይቻልም ይላል። በጸጋው ነገር የሚለዩት እዚህ ላይ ነው፦ ጸጋውን እምቢ ማለት ይቻላል ይላሉ። ዶርት የተሰበሰበውም ለእነዚህ አምስት አንቀጾች መልስ ለመስጠት ነው። ዛሬ በየስልኩ የሚዞረው የካልቪኒስቶች "አምስቱ ነጥብ" መነሻው ይኼ ነው።

ሦስተኛው "ኦርቶዶክስ በራሱ ሥራ ነው የሚድነው" የሚለው ነው። ሰው ያለ ጸጋ በራሱ ብርታት ጻድቅ ሊሆን ይችላል የሚለው ትምህርት ከፔላግዮስ ጋር የሚያያዝ ነው። የፔላግዮስ ወዳጅ ቄሌስጢዮስ እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን ጉባኤ ተወግዟል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ኒቅያን፣ ቁስጥንጥንያንና ኤፌሶንን ትቀበላለች። ቤተ ክርስቲያኗ በተቀበለችው ጉባኤ የተወገዘውን ሰው ትምህርት ይዛችሁ "የአንቺ ነው" ብትሏት ልክ አይመጣም። የእሷ ትምህርት እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ያውቃል፣ ማወቁ ግን አያስገድድም፤ ጸጋው ይቀድማል፣ ሰውም ፈቅዶ አብሮ ይሠራል የሚል ነው። መምህራኑ ሲያስረዱ ሲራክ ምዕራፍ 15ን ይጠቅሳሉ፦ እሳትና ውኃ በፊትህ ቀርቦልሃል፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ትዘረጋለህ የሚለውን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፕሮቴስታንቱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሲራክ የለም። "ከየት አመጣኸው?" ቢላችሁ እየሰደባችሁ አይደለም፤ መጽሐፉ ውስጥ ስላጣው ነው። ዘዳግም 30፥19ን አውጡለት፤ "ሕይወትን ምረጥ" የሚለው እሱም ጋ አለ።

መካነ ኢየሱስ የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1577 የወጣው የሉተራኖች የእምነት ስምምነት የሚድን ሰው የሚድነው በእግዚአብሔር ምርጫ ብቻ ነው ይላል፤ የሚጠፋው ግን በራሱ ጥፋት ነው፣ እግዚአብሔር ማንንም ለጥፋት አልወሰነም ይላል። "ሁለቱ እንዴት ይገጥማሉ?" ብትሉ "መጽሐፍ ሁለቱንም ስለሚል ሁለቱንም እንላለን" ነው መልሱ። ለሒሳብ ሰው አይመችም። አቋማቸው ግን ነው።

ጥቅስ መወራወሩን ትታችሁ አንድ ምዕራፍ አንብቡ

አንዱ ሮሜ 9ን ይዞ ይመጣል፤ ሸክላ ሠሪውንና ጭቃውን። ሌላው 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥4ን ይዞ ይመጣል፤ ሰዎች ሁሉ ሊድኑ ይወዳል የሚለውን። አንዱ ዮሐንስ 6፥44 ሲል ሌላው ማቴዎስ 23፥37 ይላል። እስከ እኩለ ሌሊት ሊቀጥል ይችላል፤ ማንም ግን ሐሳቡን አይቀይርም። ሁለታችሁም ጥቅሶቹን ስለምታውቁ መወራወሩ አዲስ ነገር አያመጣም።

እኔ የምመክረው የሐዋርያት ሥራ 27ን ነው። ስልክ ይዘጋ። አንድ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ንባብ የሚያምርለት ሰው ይሁን። ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮሜ እየሄደ ነው። መርከቡ ላይ 276 ሰው አለ። ዐውሎ ነፋስ ይነሳል፣ ለብዙ ቀን ፀሐይም ኮከብም አይታይም፣ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ጳውሎስ ይነሳና መልአክ እንደነገረው ይናገራል፤ መርከቡ ይጠፋል እንጂ ከእናንተ አንድ ነፍስ አይጠፋም። ቁጥር 22 ነው። ነገሩ ተቆረጠ፣ ያለቀለት ተስፋ ነው።

ቁጥር 30 ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ መስለው ታንኳዋን ወደ ባሕር ያወርዳሉ፤ ሊያመልጡ ነው። ጳውሎስ ያያቸዋል። ለመቶ አለቃውና ለወታደሮቹ ምን ይላል? እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም ይላል። ወታደሮቹ የታንኳዋን ገመድ ይቆርጣሉ፤ ታንኳዋ ትወድቃለች። በኋላ ሁሉም በደኅና ወደ ምድር ይወጣሉ።

ንባቡ ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቡ፦ "ማንም እንደማይጠፋ አስቀድሞ ከተነገረ 'ካልቆዩ አትድኑም' ማለት ለምን አስፈለገ?" ከዚያ ዝም በሉ። ሪፎርምዱ "ገመዱ መቆረጡም በውሳኔው ውስጥ ነበር" ይላል። ሙሉ ወንጌሉ "ማስጠንቀቂያው የምር ነው፤ ወታደሮቹ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር" ይላል። እናት ደግሞ ሁለቱንም አየት አድርጋ "እግዜርም ተናገረ፣ ሰውም ቢላዋውን አነሳ" ትል ይሆናል። እዚህ ላይ አሸናፊ አይኖርም። ሁሉም ግን ሌላው ያንኑ ገጽ እግዚአብሔርን ፈርቶ እንደሚያነብ ያያል፤ እኔ የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ጊዜ ካላችሁ ፊልጵስዩስ 2፥12 እና 13ን አስከትሉ። "የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ" ካለ በኋላ ነጥብ እንኳ ሳያሳርፍ መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነው ይላል።

ሮሜ 9 ላይ መግባት የግድ ከሆነም እዚያው እንዳታቆሙ። እስከ 11 መጨረሻ ንባቡ ይቀጥል። ጳውሎስ ራሱ ክርክሩን የሚጨርሰው የእግዚአብሔር ጥበብና እውቀት እንዴት ጥልቅ ነው ብሎ በመገረም ነው።

የአንድምታ መምህር አንዱን ንባብ ሦስት አራት ጊዜ ሲፈታው የመጀመሪያውን ትርጓሜ ሳይሽር ነው ሁለተኛውን የሚጨምረው። እኛ ጎጃሜዎች ይህን አሠራር ከልጅነታችን ሰምተን እያደግን፣ ስለ ሮሜ 9 ሲሆን ግን አንድ መልስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ማለታችን ይገርመኛል። (መምህራኑ ይህ ነጻነት በቀኖናው ውስጥ ነው እንጂ ከቀኖናው ውጭ አይደለም ይላሉ፤ ልክ ናቸው፣ እኔም ከዚያ አልዘልም።)

"መናፍቅ" የምትለዋን ቃል ቆልፉባት

ካቶሊኮች ይኼው ክርክር ደርሶባቸዋል። ዶሚኒካኖችና ኢየሱሳውያን የሚባሉት ሁለት ማኅበሮቻቸው ስለ ጸጋና ነጻ ፈቃድ በጣም ተጋጩ፤ አንዱ ሌላውን "ካልቪኒስት" ሲለው ሌላው "የፔላግዮስ ልጅ" ይለዋል። ሮም ጉዳዩን ለዓመታት ሰማች። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1607 ጳጳሱ ጳውሎስ 5ኛ ለማንም ሳይፈርዱ ዘጉት። ሁለቱም ወገን ትምህርቱን ይያዝ፣ አንዱ ግን ሌላውን መናፍቅ አይበል ተባለ። እኔ ካቶሊክ አይደለሁም፤ ለቤተሰብ ገበታ ግን ከዚህ የተሻለ ደንብ አላየሁም።

ሌላኛውን መንገድ፣ በአዋጅ መዝጋቱን፣ ደግሞ እኛ ራሳችን እናውቀዋለን። የቅባትና የተዋሕዶ ክርክር ስለ ክርስቶስ መቀባት ነበር እንጂ ስለ ቅድመ ውሳኔ አልነበረም። የቅባት ዋና አገሩ ግን ጎጃም ነበር። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ሰብስበው ተዋሕዶ ጸንቶ ሌላው በአዋጅ ተከለከለ። ቤተ ክርስቲያን ያንን ውሳኔዋን ይዛለች፤ ስለ ትምህርቱ እዚህ አልከራከርም። ሆኖም ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ነገሩ ዛሬም ሲነሳ ሰው ይቆጣል። አዋጅ ልብ ውስጥ ያለውን አይጨርሰውም። ዶርትም እንደዚያው ነው። ፖለቲካው ስለገባበት ወደ 200 የሚሆኑ አገልጋዮች ከቦታቸው ተነሱ፤ ኦልደንባርነቬልት የሚባለው የአገሪቱ ትልቅ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1619 አንገቱ ተቀላ። የሃይማኖት ክርክራችሁ ውስጥ "የእነ እገሌ ወገን" የሚል ነገር ሲገባ ከሰማችሁ የዚያን ቀን ቡናው ይብቃ።

ደግሞ አንሸዋወድ። በቅድመ ውሳኔ ብንስማማ እንኳ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ አንድ ቁርባን አይቆርቡም። ስለ ቅዱሳን ምልጃ፣ ስለ ምሥጢራት፣ ስለ ክህነት ያለው ልዩነት ከዚህ የሚተናነስ አይደለም። ይኼን ሸፍኖ "ያው አንድ ነን" ማለት ሌላውን እንደ ሞኝ መቁጠር ነው። አንድነት የምለው የምንለያይበትን እያወቅን አለመናናቅን ነው። ሮሜ 14፥4 በሌላው ሎሌ የምትፈርድ ማን ነህ ይላል።

ጨርሶ የማይነሳባቸው ቦታዎች

ለቅሶ ቤት አይነሳም። አንድ ሽማግሌ "ቀኑ ደርሶ ነው፣ እግዜር ያጽናችሁ" ሲሉ ተነስቶ ስለ ዕድልና ስለ ቅድመ ውሳኔ ልዩነት የሚያስተምር ሰው አይቻለሁ። የተናገረው ልክ ነበር። ግን ያንን ቤት ዳግመኛ የረገጠ አይመስለኝም።

የተጨነቀ ሰው ፊትም አይነሳም። "እኔ ካልተመረጥሁስ?" ብሎ እንቅልፍ ያጣ ወጣት አለ፤ ከሚታሰበው በላይ ብዙ ናቸው። እሱ ክርክር አይደለም የያዘው፤ ፍርሃት ነው። "አየህ፣ ትምህርቱ ስሕተት ስለሆነ ነው" ብላችሁ አጋጣሚውን አትጠቀሙበት። የካልቪንን ትምህርት የሚቀበል ከሆነ በራሱ በካልቪን ቃል አጽናኑት፦ ምርጫህን በስውሩ ውሳኔ ውስጥ አትፈልግ፣ መስታወቱ ክርስቶስ ነው፣ እሱን እይ ብሏል። ዶርትም እንዲህ ያለው ሰው እንዳይደነግጥ፣ በጸሎትና በቃሉ እንዲተጋ መክሯል። ኦርቶዶክስ ከሆነ ወደ ንስሓ አባቱ ውሰዱት። እዚያ ድረስ አብራችሁት ሂዱ፤ "ሂድ" ብሎ መላክ አይበቃም።

ከተጣላችሁ በኋላ

የእንግሊዝ ሰባኪዎቹ ጆን ዌስሊና ጆርጅ ኋይትፊልድ ወዳጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1739 ዌስሊ ቅድመ ውሳኔን የሚቃወም ስብከት ሰብኮ አሳተመ። ኋይትፊልድ በደብዳቤ መለሰለት። እንቅስቃሴያቸው ለሁለት ተከፈለ፤ ሳይስማሙም ሞቱ። ነገር ግን ታርቀው ነበር። ኋይትፊልድ በ1770 ሲሞት የቀብር ስብከቱን ለንደን ላይ የሰበከው ዌስሊ ነው፤ ሟቹ ራሱ ፈልጎት ነበር። አንዳቸውም አቋማቸውን አልጣሉም።

ስለዚህ እርቅ ስትፈልጉ ይቅርታ የምትጠይቁት ስለ ስድቡ ነው፤ ስለ አቋማችሁ አይደለም። ሁለቱ ሲደባለቁ እርቁ አይጸናም። "አያ፣ ስለ ትምህርቱ ያልኩትን አሁንም አምንበታለሁ። መናፍቅ ማለቴ ግን ጥፋት ነው፣ ይቅር በለኝ" ማለት ይበቃል። ነገሩ ከሮ ከሆነ አንድ ሽማግሌ ያዙ፤ ሁለታችሁም የምታከብሩት ይሁን እንጂ የግድ የነገረ መለኮት ሊቅ መሆን የለበትም። ሊቅ ከሆነማ ክርክሩን እሱ ራሱ ሊቀጥለው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር ስለዚህ ጉዳይ አታውሩ። አብራችሁ የምትሠሩት ነገር ፈልጉ። ገጠር ከሆናችሁ ወንፈል አለ፤ ከተማ ከሆናችሁ የእድር ድንኳን ተከላ አለ፤ የታመመ ጎረቤት አይጠፋም። ሐኪም ቤት አብረው ያደሩ ሁለት ሰዎች ስለ ሮሜ 9 ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ስድቡ የተጻፈው ቴሌግራም ቡድን ውስጥ ከሆነ ይቅርታውም እዚያው ቡድን ውስጥ ይጻፍ። በሰው ፊት ሰድቦ በውስጥ መስመር "ይቅርታ ወንድሜ" ማለት የለም።